የሕዝብ ግንኙነት የአፍ ሥራ ብቻ አይደለም

(በተማሪዎች ማኅበር የንግግር ምሽት የቀረበ)



ዛሬ ማታ የምንናገርበት ርእስ በንግድ ድርጅቶች ውስጥ የሕዝብ ግንኙነት ስለሚባለው ሥራ ነው። ርእሱን የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፤ ከመካከላችን ብዙዎቹ ትምህርታቸውን ጨርሰው ሲወጡ በባንክ፣ በመድን ድርጅት፣ በፋብሪካና በአስመጪ ቤት ስለሚገቡ፣ ከእነዚህም አንዳንዶቹ በበሩ ላይ «የሕዝብ ግንኙነት ክፍል» የሚል ጽሑፍ በተለጠፈበት ቢሮ መቀመጣቸው ስለማይቀር ነው። ሁለተኛው ግን ከዚህ የከበደ ነው። ስለዚህ ሥራ በተማሪውም በነጋዴውም ዘንድ የሚነገረው አብዛኛው የተሳሳተ ነው፤ ስሕተቱም የቃላት ስሕተት ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ የሰው ሕይወት ያስከፈለበት ጊዜ አለ።

ስለዚህ ስሕተቶቹን አንድ በአንድ እናነሣለን። ቀለል ያሉትን ፈጠን ብለን እናልፋቸዋለን፤ በከባዶቹ ላይ ግን ጥቂት እንቈያለን። ሥራው ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ ያደገው በአሜሪካ አገር በመሆኑ ብዙዎቹን ምሳሌዎች ከዚያ እንወስዳለን፤ ሌላ ካልተባለ በቀርም የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጆች አቈጣጠር መሆናቸው ይታወቅልን።

አንደኛው ስሕተት የሕዝብ ግንኙነትን ከማስታወቂያ ጋራ አንድ ማድረግ ነው። ማስታወቂያ በገንዘብ የሚገዛ ቦታ ነው። ሳሙና ሻጩ በጋዜጣ ወይም በሬዲዮ ቦታ ተከራይቶ «ሳሙናዬን ግዙ» ይላል፤ ሰሚውም ተናጋሪው ሻጩ መሆኑን ዐውቆ ይሰማዋል። የሕዝብ ግንኙነት ጥያቄ ግን ሌላ ነው። «ሰዎች ስለዚህ ድርጅት ምን ያስባሉ? ለምን እንዲህ አሰቡ? ያሰቡትስ እውነት ከሆነ በድርጅቱ ውስጥ ምን መለወጥ አለበት?» ብሎ ይጠይቃል። ደግሞም ማስታወቂያ በተለይ ገዢውን ሲመለከት፣ የሕዝብ ግንኙነት ሕዝብ የሚለው ሠራተኛውን፣ ጥሬ ዕቃ አቅራቢውን፣ ከፋብሪካው አጥር ውጭ የሚኖረውን ጎረቤት፣ ባለ አክሲዮኑንና መንግሥትንም ጭምር ነው።

ለዚህ አገራችንን የሚነካ ምሳሌ አለ። በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት የይርጋ ጨፌ፣ የሲዳሞና የሐረር ቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡለት አመለከተ። የዚያ አገር የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። በ2006 ኦክስፋም የተባለው የርዳታ ድርጅት ከተቃውሞው ጀርባ ስታርባክስ አለበት ብሎ ወቀሰ፤ ኩባንያው ግን እኔ አይደለሁም አለ። ይሁን እንጂ በብዙ አሥር ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ለኩባንያው አቤቱታቸውን ላኩ። ኩባንያው ለገበሬው የሚያስብ መሆኑን ለደንበኞቹ ለብዙ ጊዜ ሲናገር ኖሮ ነበርና፣ ደንበኞቹ «እንግዲያውስ አሳየን» ማለታቸው ነው። በ2007 ኩባንያው ከኢትዮጵያ ጋራ ስምምነት ፈረመ። ከዚህ የምንማረው፤ በሲዳማ ተራራ ላይ ቡና የሚለቅመው ገበሬ በአሜሪካ ከተማ ስኒ ከሚጨብጠው ደንበኛ ባላነሰ የኩባንያው «ሕዝብ» መሆኑን ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ሥራውን የድግስና የፎቶግራፍ ሥራ አድርጎ መቍጠር ነው። በብዙ ሰው ዐሳብ የሕዝብ ግንኙነት ሹም ማለት ከረባት ያሰረ፣ እንግዳ የሚቀበል፣ ሪባን ሲቈረጥ መቀሱን የሚያቀብል፣ ለአዲስ ዓመት ካላንደር የሚያሳትም ሰው ነው። ይህ ሁሉ ነውር የለበትም፤ እንግዳ መቀበል የአገራችንም ወግ ነው። ነገር ግን አንድ ደንበኛ ሥራውን ጥሎ ከጧት ጀምሮ በባንክ ወረፋ ሲጠብቅ ቈይቶ መስኮቱ ዘንድ ሲደርስ «ሲስተም የለም» ከተባለ፣ መቼ እንደሚመጣም የሚነግረው ሰው ካጣ፣ በቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የባንኩ ካላንደር ምን ያደርግለታል? የዚያን ቀን የባንኩን የሕዝብ ግንኙነት የሠራው መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ገንዘብ ከፋይ ነው፤ በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ነው፤ ስልኩ ሲጮኽ ያላነሣው ጸሐፊ ነው። ስለዚህ ይህ ሥራ የአንድ ክፍል ሥራ ነው ማለት ትክክል አይደለም። ክፍሉ ያስተባብራል እንጂ ስምን የሚሠራውና የሚያፈርሰው ጠቅላላው ድርጅት ነው።

አሁን ወደ ከባዶቹ እንግባ። ሦስተኛው ስሕተት፤ የሕዝብ ግንኙነት ማለት በጨዋ አነጋገር መዋሸት ነው፤ የድርጅትን ገመና የመሸፈን ጥበብ ነው የሚለው ነው። ይህን የሚሉት ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው። አንዳንዶቹ ሥራውን ለመንቀፍ ይሉታል፤ አንዳንዶቹ ግን፣ እነዚህም አንዳንድ የድርጅት አለቆች ናቸው፣ ሥራው ይኸው ነው ብለው አምነው ለዚሁ ሰው ይቀጥራሉ። ነቃፊዎቹ ማስረጃ የላቸውም አንልም። እንዲያውም የሙያው ታሪክ ራሱ ሁለቱንም መልክ ያሳየናል፤ ያውም በአንድ ሰው ላይ።

ይህ ሰው አይቪ ሊ ይባላል። አስቀድሞ የጋዜጣ ሰው ነበረ። በ1906 የድንጋይ ከሰል ማዕድን ባለቤቶች ከሠራተኞቻቸው ጋራ በተጣሉ ጊዜ ቀጠሩት። እርሱም ለጋዜጦች አንድ የመመሪያ ቃል ላከ፤ ፍሬ ነገሩም ሥራችን በግልጽ የሚሠራ ነው፤ የምንሰጠው ወሬ ትክክለኛ ነው፤ ማንም አዘጋጅ ልመርምረው ቢል እንረዳዋለን የሚል ነበር። በዚያው ዓመት የፔንሲልቫኒያ የምድር ባቡር ኩባንያ ወሰደው። በዚያን ዘመን የባቡር ኩባንያዎች አደጋ ሲደርስ ወሬውን ማፈን ልማዳቸው ነበር። ሊ ግን ጋዜጠኞች አደጋው ወደ ደረሰበት ስፍራ እንዲሄዱ፣ አይተውም እንዲጽፉ መከረ። ለጊዜው የሚያስደነግጥ ምክር ነበረ፤ ኩባንያው ግን ተጠቀመበት፤ ምክንያቱም ሕዝብ የተደበቀ ነገር ሲሸተው ከደረሰው ይልቅ የባሰ ያስባልና ነው።

እንግዲህ ስምንት ዓመት ወደ ፊት እንለፍ። አፕሪል 20 ቀን 1914 በኮሎራዶ ክፍለ አገር ሉድሎ በተባለ ስፍራ፣ ሥራ ያቆሙ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ከነቤተ ሰባቸው በሰፈሩበት ድንኳን ላይ ወታደሮች ተኰሱ፤ ሰፈሩም ተቃጠለ። ወደ ሃያ የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ። ከእነዚህም ውስጥ 2 ሴቶችና 11 ሕፃናት ከተኵሱ ለመሸሸግ ከድንኳን በታች በተቈፈረ ጉድጓድ ገብተው በጢስ ታፍነው የሞቱ ናቸው። ከማዕድኑ ኩባንያዎች ዋነኛው በሮክፌለር ቤተ ሰብ እጅ ነበረ። ሮክፌለሮችም አይቪ ሊን ጠሩት። ሊ የኩባንያዎቹን ወገን የሚደግፉ ጽሑፎች እያሳተመ በአገሩ ሁሉ በተነ። ከጽሑፎቹ ውስጥ ግን ሐሰት የሆኑ ነገሮች ተገኙ፤ የሠራተኞቹ መሪዎች የሚቀበሉት ገንዘብ እንኳ ከእውነተኛው ብዙ እጥፍ ተደርጎ ተጽፎ ነበር። በኋላ በመርማሪ ጉባኤ ፊት ቀርቦ ሲጠየቅ፣ የኩባንያው ሰዎች የሰጡትን እንዳለ መቀበሉንና እውነት መሆኑን ራሱ አለመመርመሩን ተናገረ። ደራሲው አፕተን ሲንክሌር ከዚያ ወዲህ «መርዘኛው አይቪ» የሚል ስም አወጣለት። አይቪ በእንግሊዝኛ የሐረግ ስም ነው፤ መርዘኛው ዓይነት የነካውን ሰው ቆዳ የሚያቃጥል ነው።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ በ1906 ማንም ይመርምረን ያለው ሰው በ1914 ራሱ ሳይመረምር ጻፈ። ሙያው አልተለወጠም፤ ብዕሩም ያው ብዕር ነው። የተለወጠው አንድ ነገር ነው። በባቡሩ ጉዳይ ምክሩ የኩባንያውን ሥራ ለወጠ፤ የተዘጋው በር ተከፈተ። በሉድሎ ጉዳይ ግን በዚያን ጊዜ የተጠየቀው ሥራውን እንዲለውጥ ሳይሆን የሆነውን እንዲያሳምር ነበረ። እንግዲህ እውነተኛውን የሕዝብ ግንኙነት ከሐሰተኛው የሚለየው ይህ መስመር ነው ብለን እናምናለን፤ ቃሉ ከሥራው ጋራ ይሄዳል ወይስ በሥራው ፈንታ ቆሟል?

ከመስመሩ ወዲያ መሄድ ምን ያህል እንደሚያስከፍል የሲጋራ ኩባንያዎች ታሪክ ያሳያል። በ1953 መጨረሻ የሲጋራ ጭስ ካንሰር እንደሚያመጣ የሚያመለክት የሳይንስ ምርመራ እየወጣ በሄደ ጊዜ፣ የትላልቆቹ ኩባንያዎች አለቆች በኒው ዮርክ ተሰብስበው ሂል ኤንድ ኖውልተን የተባለውን የሕዝብ ግንኙነት ቤት ቀጠሩ። ጃንዋሪ 4 ቀን 1954 ከ400 በሚበልጡ ጋዜጦች ላይ ለአጫሾች የተጻፈ «ግልጽ» ቃል አወጡ። በእርሱም የሰው ጤና ከሁሉ በፊት የሚያሳስባቸው መሆኑን፣ ጉዳዩ ገና ያልተረጋገጠ መሆኑን፣ ለምርመራውም ገንዘብ እንደሚሰጡ ገለጹ። ጽሑፉ ጨዋ ነበረ፤ አነጋገሩም የተለሳለሰ ነበረ። በእርሱ የተከፈተው ጥርጣሬን የመዝራት ዘመቻ ግን ለብዙ ዓመታት ቀጠለ፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ስንቱ አባወራ «ገና አልተረጋገጠም» እያለ ማጨሱን እንደ ቀጠለ አስቡት። በ2006 አንዲት የፌዴራል ዳኛ ኩባንያዎቹ ሕዝቡን እንዳታለሉ ፈረዱ። ከ2017 መጨረሻ ጀምሮም በፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ ማጨስ እንደሚገድል የሚናገር የማረሚያ ቃል በጋዜጣና በቴሌቪዥን በገዛ ገንዘባቸው ለማውጣት ተገደዱ። ከመጀመሪያው ቃል እስከ ማረሚያው 63 ዓመት ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላል የአገራችን ሰው፤ እስኪነጋ ድረስ የሞቱት ግን አይመለሱም።

አራተኛው ስሕተት የሐሰት ተቃራኒ የሚመስል ነው፤ ይኸውም ዝምታ ነው። «ዝም አይነቅዝም»፤ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚሉ ምሳሌዎች አሉን፤ በሐሜት ጊዜም መልካም ምክር ናቸው። ነገር ግን ሰው የሚጐዳ ነገር በተገኘ ጊዜ የድርጅት ዝምታ ይነቅዛል። በ1982 በቺካጎና ባካባቢዋ ታይለኖል የተባለውን የራስ ምታት መድኃኒት የዋጡ 7 ሰዎች ሞቱ። አንድ ያልታወቀ ሰው በመድኃኒቱ ውስጥ ሳያናይድ የተባለ መርዝ ጨምሮበት ነበር። ጥፋቱ ከፋብሪካው የመጣ አልነበረም፤ ስለዚህ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን የተባለው ኩባንያ «እኛ የለንበትም» ብሎ ዝም ማለት ይችል ነበር። ነገር ግን በጄምስ በርክ መሪነት ሕዝቡ መድኃኒቱን እንዳይወስድ አስጠነቀቀ፤ ወደ 31 ሚሊዮን የሚጠጋ ጠርሙስ ከገበያ ሰበሰበ፤ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። ከጥቂት ወራት በኋላ ማንም ሰው ሳይታይ ሊከፍተው በማይችል ሦስት እጥፍ ማሸጊያ አድርጎ መለሰው፤ ደንበኞቹም አብዛኞቹ ተመለሱ።

ይህ ምሳሌ በየመማሪያ መጽሐፉ የሚጠቀስ ነው። እኛ ግን አንድ ነገር እንጨምርበታለን። ደንበኞቹን የመለሳቸው መግለጫው አይደለም፤ የተሰበሰበው ጠርሙስና አዲሱ ማሸጊያ ነው። መግለጫው የተሠራውን ተናገረ እንጂ ያልተሠራውን አላወራም። ደግሞም መልካም ስም አንድ ጊዜ ተገዝቶ ለዘለዓለም የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም። ይኸው ኩባንያ በኋለኛው ዘመን በሕፃናት ዱቄቱ ምክንያት ካንሰር ያዘን የሚሉ ብዙ ሺህ ሰዎች ከሰውታል። ኩባንያው ክሱን ቢክድም፣ ከታልክ የሚሠራውን ዱቄት በ2020 በአሜሪካና በካናዳ፣ በ2023 ደግሞ በዓለም ሁሉ መሸጡን ለማቆም ወስኗል። የ1982 ምስጋና የዛሬውን ጥያቄ አይመልስም።

አምስተኛውና የመጨረሻው ስሕተት፤ የሕዝብ ግንኙነት የሚጀመረው አደጋ ከደረሰ በኋላ ነው የሚለው ነው። ይህን ስንናገር ከመካከላችን የማያዝን አይኖርም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆች ማርች 10 ቀን 2019) የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቍጥር 302 በረራ ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነሥቶ ከስድስት ደቂቃ በኋላ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ፤ 157 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ አምስት ወር በማይሞላ ጊዜ በፊት፣ በኦክቶበር 29 ቀን 2018፣ አንድ ዓይነት የሆነ ቦይንግ 737 ማክስ በኢንዶኔዥያ ባሕር ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር። ከቢሾፍቱው አደጋ በኋላ ቦይንግ በአውሮፕላኑ ደኅንነት እንደሚተማመን ተናገረ፤ በውጭ አገርም አንዳንዶች ጣታቸውን ወደ አብራሪዎቹ ቀሰሩ። በአፕሪል 4 ቀን 2019 የኢትዮጵያ መርማሪዎች የመጀመሪያ ዘገባቸውን ሲያወጡ ግን፣ በዚያው ዕለት የቦይንግ ዋና አለቃ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የሚገፋው ኤምካስ የተባለው አሠራር በሁለቱም አደጋዎች በተሳሳተ ምልክት ምክንያት መሥራቱን አምኖ ይቅርታ ጠየቀ።

አሁን እንጠይቅ፤ የቦይንግ የሕዝብ ግንኙነት ስሕተት መቼ ተጀመረ? በማርች 2019 ነውን? አይደለም። የኢንዶኔዥያው አደጋ ከመድረሱ በፊት ስለ ኤምካስ በአብራሪዎቹ መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ አልተነገረም ነበር። በጃንዋሪ 2021 ኩባንያው ከአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ጋራ ባደረገው ስምምነት፣ ሁለት የቴክኒክ አብራሪዎቹ ስለዚሁ አሠራር የአቪዬሽን ባለ ሥልጣኑን ማሳሳታቸውን አመነ፤ ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይም ለመክፈል ተስማማ። እንግዲህ ለአብራሪው ያልተነገረው ነገር፣ ለተቈጣጣሪው የተሸፈነው ነገር፣ ያ ነው የመጀመሪያው የሕዝብ ግንኙነት ጥፋት። አብራሪውም ተቈጣጣሪውም ተሳፋሪውም የኩባንያው ሕዝብ ነበሩና። ከዚያ በኋላ የተጻፈ መግለጫ ምንም ቢያምር፣ ጸሐፊውም ምንም ቢራቀቅ፣ ከዲዛይን ክፍሉ ወጥቶ የሄደውን ነገር መልሶ ሊይዘው አይችልም።

በዚህ በኩል የአየር መንገዳችን አድራጎት ልብ ሊባል ይገባዋል። የቀሩትን ማክስ አውሮፕላኖች ወዲያው ከበረራ አቆመ። በፌብሩዋሪ 2022 ወደ አገልግሎት ሲመልሳቸውም በመጀመሪያው በረራ የቦርዱ ሰብሳቢና ዋናው ሥራ አስፈጻሚ ራሳቸው ተሳፈሩ። ሐዘኑን የሚያስረሳ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን «ይህ አውሮፕላን አሁን ደኅና ነው» ለማለት ከዚህ የበለጠ አጭር ቃል የለም።

እንግዲህ እስካሁን የሕዝብ ግንኙነት ምን እንዳልሆነ ተናገርን። ምን እንደ ሆነስ? ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ነገር አይደለም። ቀድሞ የአገር ገዥዎች «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር ይባላል። በአደባባይ የሚነገረውን ምስጋና ትተው በሜዳ የሚዘፈነውን መስማት መፈለጋቸው ነው፤ እረኛ የሚፈራው ሹመት የለውምና። የሕዝብ ግንኙነት ሰው የመጀመሪያ ሥራ ይህ ነው። ከመናገሩ በፊት ይሰማል። ደንበኛው በምን እንደሚያማርር፣ ሠራተኛው በሻይ ሰዓት ምን እንደሚል፣ ጎረቤቱ ስለ ፋብሪካው ጢስ ምን እንደሚያስብ ያጠናል። ሁለተኛ፤ የሰማውን ሳያለዝብ ለአለቃው ይነግራል፤ አለቃም ምክር በሚያደርግበት ጠረጴዛ ዙሪያ ቦታ ሊኖረው ይገባል። ሦስተኛ፤ መስተካከል ያለበት ሲስተካከል ለሕዝቡ ይገልጻል። መናገር ሦስተኛ ነው እንጂ አንደኛ አይደለም። ሥራው በጽሑፍ ክፍሉ ከተጀመረ ግን ሦስተኛው አንደኛ ሆነ ማለት ነው።

እዚህ ላይ «እኛ ጀማሪ ተቀጣሪዎች እንሆናለን፤ አለቃን ማን ይገሥጻል? እንጀራችንስ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን። ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ በፉከራ አንመልሰውም። ወላጆቻችን ብዙ ደክመው አስተምረውናል፤ ሥራ ማግኘትም ቀላል አይደለም። ነገር ግን ጀማሪም ቢሆን ማድረግ የሚችለው ነገር አለ። ለመፈረም ወይም ለማሰራጨት የሚሰጠውን መግለጫ «ይህ ቍጥር ከየት መጣ? ያየሁት ሰነድ አለ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። አይቪ ሊን በመርማሪዎቹ ፊት ያሳፈረው ይህን ጥያቄ አለመጠየቁ ነው። ከደንበኛ የሚመጣውን አቤቱታ ሳይቀንስ በጽሑፍ ወደ ላይ ማስተላለፍ ይችላል፤ የተጻፈ ነገር አልሰማሁም አይባልበትም። ሰው የሚጐዳ ነገር እንዲሸፍን ሲታዘዝ ደግሞ «ይህን እኔ አልጽፈውም» ማለት ይችላል። ይህ የመጨረሻው ዋጋ ያስከፍላል። ቢሆንም ከመቃብር በላይ የሚውል ስም ነው እንላለንና፣ ድርጅት ስም እንዳለው ጸሐፊውም ስም አለው።

መምህራኖቻችንንም አንድ ነገር እንለምናለን። በዚህ ሙያ የሚሰጠው ትምህርት መግለጫ እንዴት እንደሚጻፍ ከማሳየት አልፎ፣ መግለጫ መጻፍ የማይገባው መቼ እንደ ሆነ የምንከራከርበት ይሁንልን። ከላይ ያነሣናቸውን ታሪኮች ተማሪው የኩባንያውን ሹም፣ የጋዜጠኛውን፣ የሟቹንም ቤተ ሰብ ቦታ እየያዘ ቢመረምራቸው ከብዙ ትርጓሜ የበለጠ ይማርባቸዋል።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ነገ ከእናንተ አንዱ በዚያ በር ገብታችሁ ስትቀመጡ፣ አለቃው «ይህን ነገር እንዴት እንናገረው?» ብሎ ይጠይቃችኋል። በትሕትና «ጌታዬ፣ ከመናገራችን በፊት ምን እናድርግለት?» ብላችሁ ብትመልሱ፣ የዛሬው ንግግራችን ፍሬ አፈራ ማለት ነው።